ላንድክሩዘር 75፣ ዲፌንደር ወይስ ፓትሮል? ለወልዲያ–ሰቆጣ መንገድ የሚሆን አሮጌ ፎር ዊል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከሰቆጣ ዙሪያ ገጠር ማር እየሰበሰበ ወልዲያ ያወርዳል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ በባቲ በኩል ወደ አፋር ይወርዳል። እስካሁን በኪራይ መኪና ነበር የሚሠሩት፣ አሁን የራሳቸውን ሊገዙ ነው። ሦስት ቀርቦላቸዋል፦ የ1993 ላንድክሩዘር 75 ሎንግ ቤዝ ሃርድቶፕ (1ኤችዜድ ሞተር፣ በኋላ ቱርቦ የተገጠመለት)፣ የ1996 ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 (300ቲዲአይ ሞተር)፣ እና የ1994 ኒሳን ፓትሮል ባለ ሞላ (ቲዲ42 ሞተር)። «የቱ ነው የሚበረክተው? ከመንገድ ሲወጣስ የቱ ይሻላል? ዊንችስ (የተቀረቀረ መኪና በገመድ የሚጎትተው መሣሪያ) ያስፈልገናል?» ይላል። የስሪት ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰላም ወንድሜ። ሳላንዛዛ ልንገርህ፦ ከሦስቱ ሞዴሎች ለእናንተ ሥራ የምመርጠው ላንድክሩዘር 75ን ነው። ያንን የቀረበላችሁን ላንድክሩዘር ግን ከታች የምጽፍልህን ፍተሻ ሳያልፍ ቀብድ እንዳትሰጡበት። የሚያሠጋኝ ቱርቦው (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው ዕቃ) ነው።

1ኤችዜድ በ1990 የመጣ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ፋብሪካው የሠራው ያለ ቱርቦ ነው። ናፍጣው በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ አይረጭም። ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል መቀጣጠል ይጀምርና እሳቱ ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። እንግዲህ የሙቀቱን ጫና የሚሸከመው ቴስታታው ነው ማለት ነው። በልኩ ከተያዘ ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሳይከፈት መሥራት ለዚህ ሞተር ብርቅ አይደለም። ቱርቦ ሲጨመርበትና ናፍጣው ከፍ ሲደረግለት ግን በዚያች ክፍልና በቫልቮቹ መካከል ቴስታታው ይሰነጠቃል። ከተማ ውስጥ ሲነዳ ምንም አይልህም። የሚሰነጠቀው ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ሲያያዘው ነው፤ ያ ደግሞ የእናንተ የዘወትር መንገድ ነው።

ቱርቦ የሚገጥሙትንም አልፈርድባቸውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 1ኤችዜድ ቆላ ላይ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የጋሸና ደጋ ላይ ስትደርስ ይኸው ሞተር ወደ 90 ይወርዳል። ናፍጣው ግን ያው ስለሆነ የሚያቃጥለው አየር ያንሰዋል፤ ከኋላ የምታየው ጥቁር ጭስ ያ ነው። ሾፌሩ ጉልበት አጣሁ ብሎ ማርሽ ሳይቀንስ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ ሞተሩም ይግላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማርሽ ቀንሶ በትዕግሥት መውጣት። ቱርቦውን ከያዛችሁ ግን ማን እንደገጠመው፣ ናፍጣው ምን ያህል ከፍ እንደተደረገ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ እንዳለው ጠይቁ። ባለቤቱ ለሦስቱም መልስ ከሌለው የናፍጣ ፖምፓው ወደ ፋብሪካው ልክ እንዲመለስ የሚያስፈልገውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሳችሁ ተደራደሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ 1ኤችዜድ የጥርስ ቺንጋ (ቫልቮቹን በሰዓታቸው የሚያስከፍት ባለ ጥርስ ቀበቶ) አለው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን ዘበት ስለሆነ፣ መቼ እንደተቀየረ በደረሰኝ ካላያችሁ መኪናው እጃችሁ በገባ ሳምንት ቀይሩት። የሚወጥረውን ኩሽኔታም አብራችሁ ቀይሩ፤ ቺንጋውን አዲስ አድርጎ አሮጌውን ኩሽኔታ መተው ገንዘብ መጣል ነው።

ወደ ፓትሮሉ ልምጣ። በሞተር ብቻ ቢሆን ዳኝነቴ ለእሱ ነበር። ቲዲ42 እንዲሁ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ ትንሽ ያንሳል፣ 115 ገደማ። ቺንጋ ግን የለውም። ካሙን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ጥርስ ለጥርስ የተያያዘ ማርሽ ነው፣ አይበጠስም። ቴስታታውም ብሎኩም የብረት ቅልጥ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ከሌሎቹ ይልቅ ይታገሣል። የፊትና የኋላ አክስሉ ጥንካሬ ከላንድክሩዘሩ ምንም አይተናነስም። ታዲያ ለምን አልመረጥከውም ብትለኝ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ሞላው ነው። የፓትሮሉ ሞላ ባዶውን ሲሄድ ምቹ ነው፣ ጎማውም ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ መሬቱን ይከተላል። ማር የሞላ ጀሪካን ስትደረድርበት ግን ኋላው ይተኛል፣ መብራቱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ወፍራም ሞላ ማስገባት ይቻላል፤ ወጪ ነው። ሁለተኛው መለዋወጫ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ፓትሮል ስትገዛ ሞተሩን በስም ሳይሆን በዓይንህ አረጋግጥ። በዚያው አካል 2.8 ሊትር የሆነው አርዲ28 የገባለት አለ፤ ያኛው ቺንጋ አለው፣ ሲግል ደግሞ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ከዚህ በኋላ የመጣው ፓትሮል ላይ የተገጠመው 3.0 ሊትሩ ዜድዲ30 በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፒስቶን በማቃጠል ስሙ የጠፋ ነው። «ፓትሮል አይሞትም» የሚሉህ ሰዎች የሚናገሩት ስለ ቲዲ42 ነው።

ዲፌንደሩን ብዙ ሰው ወይ ያመልከዋል ወይ ይረግመዋል፤ እኔ መሐል ላይ ነኝ። ከመንገድ ውጪ ብቻ ብትጠይቀኝ ኖሮ አንደኛ የማደርገው እሱን ነበር። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል፤ ለአስቸጋሪ ቦታ የመሐል ዲፈረንሻሉን (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያካፍለውን) በእጅ ትቆልፈዋለህ። አራቱም ላይ ሞላ ስላለው አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌሎቹ መሬት አይለቁም። 300ቲዲአይ 2.5 ሊትር አራት ሲሊንደር ሲሆን ቱርቦው ከፋብሪካው የመጣ ነው፤ ለቱርቦ ታስቦ የተሠራ ሞተር ነው። ጉልበቱ 111 ፈረስ ቢሆንም ደጋ ላይ ቱርቦው ያጣውን አየር ስለሚሞላለት ከላንድክሩዘሩ ጋር ይስተካከላል፣ አንዳንዴም ይቀድመዋል። ናፍጣም ይቆጥባል፤ ላንድክሩዘሩ እንደ ጭነቱና እንደ መንገዱ በሊትር ከ7 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዲፌንደሩ ከ9 እስከ 10 ይሄዳል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። «አሉሚኒየም ነው፣ አይዝግም» ብለው ይሸጡልሃል። አሉሚኒየሙ የውጪው ላሜራ ነው። ሻንሲው ብረት ነው፤ ከፊት ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ግድግዳም ብረት ነው። ከኋላ መጎተቻው የሚታሰርበትን አግዳሚ ብረት ከሥር ገብተህ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ አድርገው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ወይም ቅርፊት ከረገፈ ከውስጥ ተበልቷል። የሾፌሩን ምንጣፍ አንሥተህ የእግር ማሳረፊያውን ጥግ በጣትህ ተጫነው። አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በሚነካካበት፣ በበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህ እሱም ዝገት ነው፤ መልኩ ነው የሚለየው።

ሞተሩም ቁጣ አለበት። ብሎኩ የብረት ቅልጥ፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ አንድ ጊዜ በደንብ ከጋለ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይሄዳል። የውሃ ፖምፓው ከብሎኩ ጋር በሚገናኝበት ያለው ጓርኒሲዮን ጠብ ጠብ እያለ ውሃ የሚያፈስ የታወቀ ቦታ ነው፤ ውሃው በቀን ትንሽ ብቻ ስለሚጎድል ሾፌሩ ሳያውቀው አንድ ቀን ዳገት ላይ ይግላል። የመጀመሪያዎቹ 300ቲዲአይ ሞተሮች ደግሞ የቺንጋው መዘውር መስመሩን ስለማይጠብቅ ቺንጋው በጎን ይበላ ነበር። ክዳኑን ሲከፍቱት የጎማ ብናኝ ከተገኘ ያ ነው።

ስለዚህ ላንድሮቨር ለእኔ ባለቤቱ ራሱ ቁልፍ ለሚይዝ ሰው የሚሆን መኪና ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃና ዘይት የሚያይ፣ የላላ ብሎን የሚያጠብቅ፣ ጓርኒሲዮን ከወንበር ሥር የሚይዝ ሰው እጅ ከገባ ከሌሎቹ ሁለቱ እኩል ዕድሜ ይሰጣል። ለተቀጣሪ ሾፌር የምትሰጡት ከሆነ ግን ተዉት። (ሾፌራችሁ ረጅም ከሆነም ክርኑና መስኮቱ ሲጣሉ ይውላሉ።)

ሦስቱም የሚጋሩት ትልቅ ጥቅም አለ፤ እሱን ካልነገርኩህ ለምን አዲስ ላይ አልሄድንም ትላለህ። የናፍጣ ፖምፓቸው ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ እንዲሠራ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ናፍጣውን የምትከፍተውን አንዲት ሽቦ ብቻ ነው። ኮምፒውተር የለም፣ ሴንሰር የለም። በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ውስጥ ትንሽ ቆሻሻ ቢኖር እንደ አዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች ወዲያው እኒቶሪ (ናፍጣ የሚረጨውን አፍ) አያበላሽም። ውሃ ግን ለአሮጌውም ለአዲሱም መርዝ ነው። ሰቆጣ ላይ በርሜል ከቀዳችሁ በማግሥቱ ጠዋት የፊልትሮውን የታች ብሎን ላላ አድርጋችሁ ውሃውን አውጡ።

ሌላው የሚጋሩት የፊት አክስላቸው ነው፤ ሦስቱም ፊትና ኋላ ወጥ አክስል አላቸው። ከፊት ለየብቻ የሚንቀሳቀስ እግር ያለው መኪና፣ ፓጄሮ ወይም ፕራዶ በል፣ ጉድጓድ ሲመታ ፊቱ ይወርድና በፊት ጎማዎቹ መካከል ያለው ዲፈረንሻል ወደ ድንጋዩ ይጠጋል። ወጥ አክስል ላይ ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚነሣ ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም። ከቢልባላ ወዲያ ባለው ድንጋያማ መንገድ ልዩነቱን ታየዋለህ። ከአስፋልት ለማይርቅ ሰው ግን ፓጄሮ ምቾት አለው፣ አልነቅፈውም። ገንዘብ ካጠራችሁ ባለ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር አሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕ መፈለግም ይቻላል፤ 2ኤልን ግን ቴስታታው ሲግል ቶሎ ስለሚሰነጠቅ እለፉት። በደርግ ጊዜ የነበረውን የሶቪየት ጂፕ ዋዝን የሚያስታውሱ ሰዎች «እሱም ወጥ አክስል ነበር» ይሉሃል፣ እውነታቸውን ነው። ዛሬ ግን ዕቃውን ከየት ታመጣለህ?

መለዋወጫ ላይ ደረስን። የእርዳታ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላንድክሩዘር ለብዙ ዓመታት ሲገዙ ስለኖሩ፣ ያን ሞተር ፈትቶ የማያውቅ መካኒክ ወሎ ውስጥ አታገኝም። የፍሬን ሸራው፣ ፊልትሮው፣ የባሌስትራው (በሞላ ፈንታ ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) ቅጠል ወልዲያና ደሴ ላይ አለ፤ የጠፋው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ለፓትሮልና ለዲፌንደር ግን አብዛኛውን ዕቃ አዲስ አበባ አስፈልገህ በአውቶቡስ ታስመጣለህ። ዕቃው እስኪደርስ መኪናው ቆሞ፣ ማሩ ገበሬው ቤት ተቀምጦ፣ እናንተ ለሌላ መኪና ኪራይ ትከፍላላችሁ። የዋጋውን ልዩነት ስታሰሉ ይህንን አብራችሁ አስሉ። ላንድክሩዘር ላይ ያለው አደጋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስለሚፈለግ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሞልቷል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋና የፊት ጎማ ኩሽኔታ ላይ ቆጣቢ አትሁኑ።

ለጭነት ባሌስትራ ከሞላ የሚሻለው ለዚህ ነው፦ 75 ፊትም ኋላም ባሌስትራ ነው። ባዶውን ሲሄድ ያንገጫግጫል፣ ወገብ ይጨርሳል። ሲጫን ግን ይረጋጋል፤ አንድ ቅጠል ቢሰበር እንኳ በሽቦና በእንጨት አስሮ ከተማ መድረስ ይቻላል። ሎንግ ቤዙ ብዙ ጊዜ ባለ 90 ሊትር ሁለት ታንከር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለአፋር መንገድ ትልቅ ነገር ነው። ጎማውም 7.50 በ16 ባለ ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይጠግንልሃል። አሸዋ ላይ ንፋስ ስትቀንሱ ግን ካላማዳሪያ ያለውን ከ1.4 ባር በታች አታውርዱት። ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ይቆርጠዋል።

አሁን ፍተሻው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ተወዷል፤ ሻጩም ቀለም መቀባት ተምሯል። ሥሩ በአዲስ ጥቁር ቀለም የተሸፈነ መኪና ካያችሁ በተለይ የኋላ ባሌስትራ በሚታሰርበት አካባቢ ሻንሲውን በመዶሻ ፈትሹት። ብየዳ ካለ በትራንስፖርት ቢሮ ከመፈተሹ በፊት እናንተ እወቁት። የሻንሲ ቁጥሩ ላንድክሩዘሩ ላይ በቀኝ የፊት ጎማ አጠገብ ብረቱ ላይ ተመትቷል፤ ጭቃውን ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ።

ሞተሩን ማየት ያለባችሁ ማለዳ ነው፣ ሳይነሣ። ኮፋኖውን ክፈትና መዳፍህን ቴስታታው ላይ አሳርፍ፤ ለብ ካለ ቀድመው አሙቀውታል፣ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን አውልቅ። ውሃው ላይ ዘይት ወይም ቡናማ ቅባት ካለ እዚያው ተሰናበት። ከሌለ ክዳኑ እንደተከፈተ አስነሣውና አንገቱን ተመልከት፦ ጥቂት አረፋ መጀመሪያ ላይ ይወጣል፣ ያ የታመቀ አየር ነው። ደቂቃዎች አልፈው አረፋው ካላቋረጠና ነዳጅ ሲሰጠው ከጨመረ ግን ከሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እያለፈ ነው፤ ቴስታታው ተሰንጥቋል ወይም ጓርኒሲዮኑ ሄዷል። ክዳኑን ዝጋ፣ የላይኛውን ቱቦ ጨብጥ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ መልሱ ያው ነው። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው፤ መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው፣ ተፈናጥሮ ከወደቀ ግን የፒስቶን ቀለበቶቹ አልቀዋል።

የፊት ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል እይ። አክስሉ ጫፍ ላይ ክብ የብረት ኳስ አለ፤ ጣትህን አሳልፍበት። ወፍራም ግራሶ ከነካህ ደህና ነው። ቀጭን ዘይት ከወረደ የውስጡ ጎሚኒ (ማሸጊያ ጎማ) አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ግራሶውን እያጠበው ነው፤ አስቸኳይ ባይሆንም ዋጋ ያስቀንሳል። ከዚያ መንዳት። አምስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስትለቅና ስትረግጥ ከሥር «ኳ» የሚል ድምፅ ላንድክሩዘሩ ላይ ከሰማህ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከትራንስፈሩ (ጉልበቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አክስል ከሚልከው ሳጥን) ጋር የሚያያዝበት ጥርስ ተበልቷል። ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚያዞረው ማርሽ) ቆሞ ይግባ፣ ይውጣ። መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ከፈቀደ ጭናችሁ የድልብን ዳገት ውጡና ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ። ከግማሽ አልፎ ከቆየ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ከዚያ የባሰ አለ። ባለቤቱ ዳገት አላስወጣም ካለ መልስ ሰጥቷችኋል።

ላንድክሩዘሩ በአረፋው ፈተና ከወደቀ ሁለተኛ ምርጫዬ ፓትሮሉ ነው፤ ከዋጋው ልዩነት የተረፈውን በወፍራም የኋላ ሞላና በአንድ ካርቶን ፊልትሮና ጎሚኒ ላይ አውሉት።

አነዳድ ላይ ብዙ አልልም። ላንድክሩዘሩና ፓትሮሉ የመሐል ዲፈረንሻል ስለሌላቸው ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አታስገቡ፤ ትራንስፈሩ ይታነቃል። ክረምት ላይ ዋልካ ስትደርሱ ደግሞ ገብታችሁ ከተቀረቀራችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት አስገቡት። ዋልካ ላይ ሰፊ ጎማ ጭቃውን ይለብስና እንደ በረዶ ይንሸራተታል፤ ጠባቡ 7.50 ቆርጦ ሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ አትቁሙ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዛችሁ። ከአፍዴራ በተመለሳችሁ ቁጥር ሥሩን በንጹህ ውሃ አጥቡ፤ ጨው ሻንሲን ከውስጥ ነው የሚበላው።

ዊንቹን አሁን አትግዙ። ከፊት ብዙ ክብደት ይጨምርባችኋል፣ ገመዱ ሲበጠስም ሰው ይገድላል፣ በምትሄዱበት ደጋ ላይ ደግሞ የምታስሩበት ዛፍ ብዙ ቦታ የለም። በእሱ ዋጋ ረጅም ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚደረግ ወፍራም ጣውላ፣ ሁለት አካፋ፣ ጠንካራ መጎተቻ ገመድና በእጅ ወይም በባትሪ የሚሠራ የጎማ መንፊያ ይገዛል። ፍተሻውን ከጨረስክ የራዲያተሩን አንገት ሞተሩ እየሠራ በቪዲዮ ቅረጽና ላክልኝ፤ የኋላ ባሌስትራው የታሰረበትንም ፎቶ ጨምርልኝ።